ፍላይትራፕና ኔፔንቲስ አንድ ግሪንሃውስ ውስጥ ዊንተሩን ይዘልቃሉ?

ጓሮዬ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ነፍሳት የሚበሉ ተክሎች የምታሳድጉ ካላችሁ እርዱኝ። ሜሪላንድ ነው ያለሁት፣ ጓሮ ትንሽዬ ግሪንሃውስ አለችኝ፣ ሂተር ስላለባት ሌሊትም ከ20 ዲግሪ አትወርድም። ቬነስ ፍላይትራፑ ሰመር ላይ ምን የመሰለ ነበር፣ አሁን አዲሱ ቅጠል ሁሉ ትንንሽ ሆኖ የድሮው እየጠቆረ ነው፣ ዝንብ ሲያርፍበትም እየተጎተተ ነው የሚዘጋው። ኔፔንቲሱ ደግሞ ቅጠል ያወጣል፣ ግን ጫፉ ላይ ያለችው ቀጭን ክር ነፍሳት የሚያዝባትን ማሰሮ ሳትሠራ ትደርቃለች። ሙቀት ልጨምር ወይስ ማዳበሪያ?

ካሮላይና፦
እህቴ ማዳበሪያውን በእናትሽ ተዪው! እነዚህ ተክሎች ነፍሳት የሚይዙት የሚበቅሉበት አፈር ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ስለሚያንሰው ነው፣ በሥሩ ከሰጠሽው ይቃጠላል። ሙቀቱንም አትጨምሪ፣ ፍላይትራፑን እየጎዳው ያለው እሱ ነው። የዚህ ተክል ትውልድ አገሩ እኛው ጋ ነው፣ ኖርዝና ሳውዝ ካሮላይና፣ ዊልሚንግተን አካባቢ፣ እዚህ ደግሞ ዊንተር ላይ ውርጭ ያገኘዋል፣ እሱም 3 ወይ 4 ወር ይተኛል። ቅጠሉ ያነሰው ቀኑ ሲያጥርበት ሊተኛ ፈልጎ ነው፣ ሂተሩ ግን አላስተኛው አለ። እንቅልፉን በየዓመቱ ካጣ እየመነመነ ይሞታል። ከ0 እስከ 10 ዲግሪ የሚሆን ቦታ ፈልጊለት፣ ማሞቂያ የሌለው ጋራዥ መስኮት ካለው አሪፍ ነው፣ አፈሩ እርጥብ ይሁን እንጂ ውሃ ላይ አይቀመጥ።

ሆለታ፦
እኔ አበባ እርሻ ነው የምሠራው፣ ፍላይትራፕ ባላሳድግም ኔፔንቲስ ቤቴ አለኝ። ማሰሮ ካልያዘ አብዛኛውን ጊዜ ወይ ብርሃን አንሶታል ወይ አየሩ ደርቆበታል፣ ሂተር ደግሞ አየር ያደርቃል። እርጥበቱን 60 ወይ 70 በመቶ ላይ ለመያዝ ሞክሪ። ግን አደራ፣ እርጥበት ፈልገሽ ጥርቅም አድርገሽ እንዳትዘጊው! እኛ ጽጌረዳው ላይ የምናየው ነው፣ ሌሊት ተዘግቶ ያደረ ግሪንሃውስ ጠዋት ፕላስቲኩ አልቦት ጠብ ጠብ ሲል በሁለት ቀን ውስጥ ግራጫው ሻጋታ፣ ቦትራይተስ የምንለው፣ እምቡጡ ላይ ይወጣል። ተኝቶ ያለ ፍላይትራፕንም ይይዛል። ትንሽ ፋን ቀን ከሌት ይዙር።
ደግሞ የኔፔንቲሱን ዓይነት አጣሪ። ቦርኒዮ ደሴት፣ ኪናባሉ ተራራ ላይ ያለው ራጃ የሚባለው ዓይነት ከ1,500 ሜትር በላይ የሚኖር ስለሆነ ሌሊቱ ወደ 15 ዲግሪና ከዚያ በታች ካልቀዘቀዘለት አይመቸውም፣ አምፑላሪያ ግን የቆላ ነው፣ ሌሊትም ሙቀት ይፈልጋል። ያንቺ የቱ ነው?

ጓሮዬ፦
ኧረ እግዜር ይስጥልኝ! ካርዱ ላይ ቬንትራታ ይላል። ውሃስ? የቧንቧ ነው የማጠጣቸው።

ሆለታ፦
ቬንትራታ ቻይ ነው፣ ሌሊቱን ወደ 15 ብታወርጂለት ችግር የለውም፣ ለሂተሩም ወጪ ይቀንስልሻል። የቧንቧውን ውሃ ግን ዛሬውኑ አቁሚ፣ ጨውና ካልሲየሙ አፈሩ ላይ ይጠራቀማል። የዝናብ ወይ ዲስቲልድ፣ ቲዲኤስ ሜትር (ውሃ ውስጥ የሟሟውን ጨው የሚለካ) ካለሽ ከ50 ፒፒኤም በታች የሚያሳይ።

ካሮላይና፦
በዚያው ውሃ አፈሩን ከላይ ደጋግመሽ እጠቢው፣ የተጠራቀመው ይውረድ። ፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ ደግሞ ፍላይትራፑን አፈሩን በአዲስ ፒት ሞስ (ከረግረግ የሚወጣ የበሰበሰ ሽበት) እና ፐርላይት (ነጭ ቀላል የድንጋይ ፍርፋሪ) ቀይሪለት፣ የተዘጋጀ የአበባ አፈር አይሆንም፣ ማዳበሪያ ይቀላቅሉበታል።