«ቢያስጌጡትም ያው ጉድጓድ ነው» ማለት ምን ማለት ነው?

ጣና ዳር፦
ትናንት ማታ የሞስኮዋን ማያኮቭስካያ ፎቶ እዚህ ለጠፍኩ። የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ናት። የሽምብጡ ልጅ «ቢያስጌጡትም ያው ጉድጓድ ነው፤ ሰው የወረደው ሊሳፈር እንጂ ጣሪያ ሊያይ አይደለም» ብሎ መለሰ። እንቅልፍ ነሳኝ። ከመሬት በታች 33 ሜትር ላይ ያለች፣ እ.ኤ.አ. በ1938 የተከፈተች፣ በዓመቱ ኒውዮርክ ኤግዚቢሽን ላይ ትልቁን ሽልማት ያገኘች ጣቢያ ጉድጓድ ትባላለች?

የሽምብጡ፦
ብያለሁ፤ አሁንም እላለሁ። ለንደን እ.ኤ.አ. በ1863 የመጀመሪያውን ሲከፍት ባቡሩ በእንፋሎት ነበር የሚሄደው። ሕዝቡ ጭስ እየዋጠም ተሳፈረ። ለምን? ቶሎ መድረስ ፈልጎ ነዋ! ለጣቢያዋ እብነ በረድ የወጣው ገንዘብ ስንት መስመር ይዘረጋ ነበር?

የፖሊው ልጅ፦
አንዴ ስለ አሠራሩ ልናገር። ያን ያህል ጥልቀት ላይ ከላይ የሚጫነው ክብደት ከባድ ነው። ስለዚህ እስከዚያ ድረስ መሀሉ ላይ ግንብ የሚያክል ወፍራም ምሰሶ ይቆም ነበር። ያኔ በእውነትም ዋሻ ይመስላል። አርክቴክቱ አሌክሲ ዱሽኪን ሸክሙን ለብረት ሰጠው። ምሰሶዎቹ ቀጠኑ፤ አዳራሹ ከዳር እስከ ዳር ተከፈተ። በዚያ ጥልቀት በቀጭን ምሰሶ የቆመ የመጀመሪያው ጣቢያ እሱ ነው። ጉድጓድነቱ የቀረው በስሌት ነው።

የሽምብጡ፦
እሺ፣ ምሰሶውን ተቀበልኩ። ጣሪያው ላይ ያለው ሞዛይክስ፣ ያ ከትንንሽ ባለቀለም ቁራጮች የተገጣጠመው ሥዕል፣ ምን ይሸከማል?

ጋሼ ሞስኮ፦
እኔ ልመልስ። በ1970ዎቹ እዚያ ተማሪ ነበርኩ። ሞዛይኮቹ 34 ናቸው፤ የሠዓሊው ዴይኔካ ሥራ ናቸው። ሐሳቡ የሰማይ አንድ ሙሉ ቀን ነው፣ ከንጋት እስከ ንጋት። ጣሪያው ወደ ላይ ሞላላ ሆኖ ይገባል፤ ዙሪያውን መብራት አለ። ልክ ከሥሩ ካልቆምክ ሥዕሉ አይታይህም። አንገትህን ቀና ስታደርግ አውሮፕላን ታያለህ፤ በፓራሹት የሚወርድ ሰው ታያለህ። ክረምቱን ውጭ ፀሐይ የለም። የባሕር ዳር ፀሐይ የናፈቀኝ ልጅ ሰማይ የማየው እዚያ ወርጄ ነበር። እኔን ተሸክሞኛል፣ ልጄ።

እናት ሐይቅ፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ ይህን አላልፈውም። እነዚያ ጣቢያውን የሠሩት ሶቪየቶች የሞስኮውን የክርስቶስ አዳኝ ካቴድራል እ.ኤ.አ. በ1931 በፈንጂ አፍርሰዋል። ቦታው ላይ «የሶቪየቶች ቤተ መንግሥት» ሊሠሩ ነበር። አጠገቡ ያለው ጣቢያ በ1935 ሲከፈት የተሰየመው በዚያው ቤተ መንግሥት ስም ነበር፤ አሁን ክሮፖትኪንስካያ ይባላል። ቤተ መንግሥቱ ሳይሠራ ቀረ። በ1932 እና 33 ደግሞ ሚሊዮኖች በረሃብ አልቀዋል። እብነ በረዱን ሳየው እሱ ነው የሚታየኝ።

ጋሼ ሞስኮ፦
ልክ ነሽ፣ ልጄ። ግን ካቴድራሉን ጣቢያው አላፈረሰውም። በጦርነቱ ጊዜ ቦምብ ሲዘንብ ሕዝቡ ልጆቹን ይዞ ያደረው እነዚህ ጣቢያዎች ውስጥ ነው።

እናት ሐይቅ፦
ያፈረሰውም የሠራውም ያው አንድ መንግሥት ነው። ስታሊን እ.ኤ.አ. ኅዳር 1941 ንግግር ያደረገውም እዚያው ማያኮቭስካያ ውስጥ ነው። ለሕዝብ ተሠራ ሲባል ይቆጨኛል።

ጣና ዳር፦
ወደ ጉድጓዱ እንመለስ። ቤተ ጊዮርጊስም ከላይ ወደ ታች ተፈልፍሎ የወጣ ነው። እሱንም ጉድጓድ ልትለው ነው?

የሽምብጡ፦
ላሊበላን እዚህ አትጎትትብኝ! ያ ጸሎት ቤት ነው። ሰው ጫማውን አውልቆ የሚገባበትን ከባቡር መጠበቂያ ጋር ታወዳድራለህ?

እናት ሐይቅ፦
እዚህ ላይ ከእሱ ጋር ነኝ። ዑራ ኪዳነ ምሕረት በታንኳ ተሻግራ የመጣች እናት መቅደሱ ግድግዳ ፊት ቆማ ሥዕሉን በጣቷ እየተከተለች ለልጇ ስትተርክ አይቻለሁ። ያ ሥዕል ትምህርት ነው።

የፖሊው ልጅ፦
እሺ፣ ከቤተ ክርስቲያን እንውጣ። ግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ድልድያችን 380 ሜትር ነው። ማታ ማታ ሰው በእግሩ ወጥቶ መሀሉ ላይ ይቆማል፤ ፎቶ ይነሳል። «ያው መሻገሪያ ነው» ያለ ሰው አልሰማሁም። አንተም ራስህ እዚያ የተነሳኸውን ፎቶ ለጥፈሃል።

የሽምብጡ፦
ለጥፌያለሁ። ከሥሩ ዓባይ አለ፤ ነፋስ አለ። እኔ ግን ሌላ ነገር ልንገራችሁ። ልጅ ሆኜ አንድ መናኸሪያ ውስጥ ከእናቴ ጋር ሻንጣ ላይ ተቀምጠን አድረናል። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ወረደብን። እናቴ ነጠላዋን እኔ ላይ ጣል አድርጋ እሷ ራሰች። መጀመሪያ የማያፈስ ጣሪያ ስጡኝ። ሞዛይኩን ከዚያ በኋላ እናያለን።

ጣና ዳር፦
ወንድሜ፣ ይህን ቀድመህ ብትነግረን ኖሮ እንዲህ አልናገርህም ነበር። ግን እኔም የምለው ይህንኑ ነው። እናትህ የተቀመጠችበትን ቦታ የሠራው ሰው «ያው መጠበቂያ ነው» ብሎ ነው የሠራው። ለተራ ሰው ሲሆን ሁሌ «ያው» ነው። ያቺ ቃል ናት የምታናድደኝ።

የሽምብጡ፦
እኔ «ያው» ያልኩት ጉድጓዱን ነው። ሰውን አላልኩም።

ጣና ዳር፦
ሰው ካልወረደበት ማን ይቆፍረዋል?

ጋሼ ሞስኮ፦
ልጆች፣ ረጋ በሉ። የተማሪነቴ ፎቶዎች ሣጥን ውስጥ አሉ። እዚያው ጣቢያ የተነሳሁት አለ፤ ነገ እለጥፋለሁ።

የሽምብጡ፦
ይለጠፍ ጋሼ፣ አያለሁ። ጉድጓድ ነው ግን።