የጋራ መኖሪያ ፓርኪንግና ስቶር፦ ምን ይገዛ፣ ምን ይቅር?

የነዋሪዎች ኮሚቴ ውስጥ ሆናችሁ ለፓርኪንግና ለስቶር ዕቃ እያማረጣችሁ ላላችሁ፣ ጥቆማዬ ይኸው። ከሁሉ በፊት ሜትር ያዙ። ለአንድ የቤት መኪና 2.5 በ5 ሜትር ገደማ ይበቃል። መኪኖቹ ከመተላለፊያው ታጥፈው ቀጥ ብለው የሚቆሙ ከሆነ ግን መተላለፊያው ራሱ ወደ 6 ሜትር ይፈልጋል። ግድግዳ ወይም ምሰሶ የሚያዋስነው ቦታ ደግሞ ሰፋ ይበል፤ አለዚያ በር አይከፈትም። ለአካል ጉዳተኛ የሚተወው 3.6 ሜትር ያህል ስፋት ይኑረው፣ ለሊፍቱም ይቅረብ። ዊልቸር በመኪናው ጎን መዞር ስላለበት እዚህ ላይ ምንም መደራደር የለም።

ቀጥሎ ሰው ሁሉ ከገባ በኋላ ማታ ማታ መኪና ቁጠሩ። ቦታው ከበቃ ለየቤቱ ቁጥር ስጡና ጨርሱት። ካልበቃ በዕጣ መድቡ፣ ዕጣውንም በየዓመቱ አድሱት። «የቀደመ ይቁም» የሚለው አሠራር ማታ አምሽቶ የሚገባውን ሠራተኛ ሁልጊዜ ይበድላል።

በስቲከርና በስልክ መተግበሪያ መካከል፣ በሩ ላይ ጥበቃ ካለ ስቲከር ይሻላል፤ የቤት ቁጥርና የሰሌዳ ቁጥር ይኑርበት፣ ቀለሙም በየዓመቱ ይቀየር። መተግበሪያው የሚጠቅመው በሩ በራሱ የሚከፈት ከሆነና እንግዳ የሚበዛ ከሆነ ነው።

መኪና በመኪና ላይ የሚደርበውን ማንሻ ብዙዎች ይመኙታል። እኔ ግን የመጨረሻ አማራጭ ነው የምለው። በተለመደው ዓይነት የላይኛው መኪና እንዲወርድ የታችኛው መውጣት አለበት፤ ስለዚህ ሁለቱም የአንድ ቤት ካልሆኑ ሌሊት በር ማንኳኳት ይመጣል። ጣሪያው ከ3 ሜትር በላይ መሆን አለበት፣ ጥገናውም አይቋረጥም። ከገዛችሁ ሻጩን አንድ ነገር አጥብቃችሁ ጠይቁት፦ መብራት ሲጠፋ መኪናው በምን ይወርዳል?

ስቶር ላይ ምርጫዬ ባለ ሽቦ መረቡ ነው። በቆርቆሮ የተዘጋው ያምራል፤ ዕቃም ይሰውራል። ግን አየር አያስገባም፣ ቤዝመንት ውስጥ ፍራሽና ልብስ ይሻግታል። መረቡ አየር ያሳልፋል፤ እሳት ቢነሳ ከጣሪያ የሚረጨው ውሃ ይደርሳል፤ ቤንዚን ወይም የጋዝ ሲሊንደር ያስቀመጠም ወዲያው ይታያል። «ዕቃዬ ታየ» የሚል ነዋሪ በካርቶን ወይም ክዳን ባለው ሳጥን ያስቀምጥ እንጂ መረቡን በላስቲክ አይሸፍን። ውሃ መርጫ ካለ ዕቃው ከመርጫው በታች ቢያንስ 45 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። የታችኛው መደርደሪያ ደግሞ ከወለል ከፍ ይበል፤ ቤዝመንት ውስጥ አንድ ቀን ውሃ መግባቱ አይቀርም። ከቆመ መኪና አፍንጫ በላይ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ቁምሳጥንም ጥሩ ነው፤ ግን ጎማ የሚያስቆም እርከን ወለሉ ላይ ሳይኖር አትስቀሉት።

ለብስክሌት፣ ፊተኛውን ጎማ ብቻ የሚይዘውን ተዉት፤ ጎማ ያጣምማል፣ ሌባንም አያስቸግርም። ወለል ላይ የተተከለ የተገለበጠ ዩ ቅርጽ ያለው ብረት ሁለት ብስክሌት ይይዛል፤ ጎማውም አካሉም አብሮ ይቆለፍበታል። በብረቶቹ መካከል 1 ሜትር ያህል ተዉ። የግድግዳ መንጠቆ ቦታ ቢቆጥብም ሕፃናትና አረጋውያን ማንሳት አይችሉም። የኤሌክትሪክ ብስክሌት ባትሪ ደረጃ ሥር ወይም መውጫ አጠገብ በጭራሽ ቻርጅ አይደረግ፤ ባትሪው ከተቀጣጠለ መውጫው ይዘጋል።

የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጀር ዛሬ ባትገዙም፣ ወለሉ ለሌላ ሥራ ሲቆፈር ባዶ የሽቦ ቱቦ ቅበሩ። ስትገዙም ያለውን ኃይል ለተሰኩት መኪኖች የሚያከፋፍለውን ምረጡ፤ አንድ የተለመደ የቤት ቻርጀር 7 ኪሎዋት ገደማ ይወስዳል፣ አሥሩ አንድ ላይ ከተሰኩ 70 ነው። የህንፃው መስመር ይህን መቻሉን ከግዢ በፊት በኤሌክትሪክ ባለሙያ አስፈትሹ።