ቪትዜ ትሞቃለች፤ ሞተሩን ላስከፍት ወይስ ሌላ የሚታይ ነገር አለ?

የሁለት ልጆች እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። አሮጌ ቪትዝ አለችኝ። ጠዋት ልጆቼን ትምህርት ቤት ሳደርስ መገናኛ ላይ መንገዱ ሲዘጋጋ ትሞቃለች። ሦስት ሳምንት ሆናት። ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ አምስት ደቂቃ እንኳ ሳያያት «የቴስታታ ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ነው፣ ሞተሩ ይከፈታል» አለኝ። 45 ሺህ ብር ጠየቀኝ። ይህ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። እውነት ሌላ አማራጭ የለም? ከመወሰኔ በፊት ምን ምን ላሳይ?

የመርካቶ ልጅ፦
እህቴ፣ ቆይ አትቸኩዪ። መንገዱ ክፍት ሲሆንስ ትሞቃለች?

የሁለት ልጆች እናት፦
ባለፈው እሁድ ለለቅሶ አዳማ ሄጄ ነበር፣ እየፈራሁ። በፈጣን መንገዱ ደርሼ እስክመለስ ምንም አልሆነችም። ውሃ ግን በየሦስት ቀኑ እጨምራለሁ።

የመርካቶ ልጅ፦
በይ ፋኑን አሳዪ። መኪና ስትሮጥ ራዲያተሩን ነፋሱ ያቀዘቅዘዋል። ስትቆም ግን ሥራው የፋኑ ነው። ኤሲውን ክፈቺና እዪው። ከዞረ ፋኑ ደህና ነው፣ ሙቀቱን የሚለካው ሴንሰርና ፋኑን የሚያበራው ሪሌ ይታዩ። ካልዞረ መጀመሪያ ፊውዙን።

አሮጌ መካኒክ፦
ልጄ፣ ፋኑ ላይ ብቻ እንዳታቆሚ። ውሃው በየሦስት ቀኑ ወዴት ይሄዳል? የራዲያተሩን ክዳን እዪው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ተራ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ሞተር ውስጥ ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ የያዘው ግፊት ነው። ላስቲኩ ከደረቀ ግፊቱ ያመልጣል፣ ውሃውም ይወጣል። ፋንም ክዳንም አብረው ተበላሽተው ብዙ ጊዜ አግኝቻለሁ።

ጓርኒሲዮኑንም ቢሆን ዝም ብለሽ አትተዪው። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ክዳኑን ከፍተሽ አስነሺ። ውሃው ያለማቋረጥ አረፋ ካወጣ፣ ወይም ዘይቱ ወተት የገባበት ሻይ ከመሰለ መካኒኩ ልክ ነው። ሞተሩ እንደሞቀ ግን ክዳኑን እንዳትነኪ! ክንዴ ላይ ያለው ጠባሳ ከዚያ የመጣ ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ አባቴ፣ አንተም ወንድሜ። ዛሬ ጠዋት ሁሉንም አየሁ። አረፋ የለም። ዘይቱም ንጹሕ ነው። ኤሲውን ስከፍት ግን ፋኑ ዝም አለ። ፊውዙ ደህና ነው። ሌላ መካኒክ ፋኑን በሽቦ በቀጥታ ከባትሪው ጋር አገናኘው፤ አሁንም አልዞረም። የክዳኑ ላስቲክም ተሰነጣጥቋል። ነገ ሁለቱንም አስቀይራለሁ። ሰኞ ጠዋት መገናኛ ላይ ካየኋት በኋላ እጽፍላችኋለሁ።