ጠበቃው የውርስ ዳኛ ልሁን ቢለን እንምረጠው?

የአትላንታው፦ ሰላም ለዚህ ቤት። አሜሪካ፣ ጆርጂያ ግዛት ያላችሁ፣ እስቲ እንነጋገር። ዕድሜውን በውርስ ጉዳይ ሲከራከር የኖረ ጠበቃ ለካውንቲያችን ፕሮቤት ኮርት፣ ማለትም ለውርስና ለሞግዚትነት ጉዳይ ፍርድ ቤት፣ ዳኝነት ይወዳደራል። በራሪ ወረቀቱ ላይ በትልቁ የተጻፈው «ልምድ» ነው። እኔ እመርጠዋለሁ። ለኑዛዜ፣ ለሞግዚትነት፣ ለውርስ አጣሪ ሹመት ልምድ ካልተፈለገ ለምን ይፈለጋል?

የሁለት ልጆች እናት፦ ወንድሜ፣ እኔን የሚያስፈራኝ ልምዱ ነው። እዚያ ችሎት የሚቆሙት ጠበቆች የትናንት ባልደረቦቹ ናቸው። ለቅስቀሳው የሚያዋጡለትም እነሱ ቢሆኑ አይገርመኝም። ነገ አንዱ ጠበቃ በዚያ በኩል፣ እኔ ያለ ጠበቃ በዚህ በኩል ብንቆምስ?

የአትላንታው፦ የቅርብ ሰው ጉዳይ ከመጣበት ዳኛው ከችሎት ይነሳል። ሕግ አለ እኮ።

እናት፦ አለ። «ይነሱልኝ» ብሎ የሚጠይቀው ማነው? እንግሊዝኛው የሚያንቀጠቅጠው ሰው?

ጋሼ፦ እኔ ገና ምርጫው ራሱ አልተዋጠልኝም። አገር ቤት የፌዴራል ዳኛ የሚሾመው በተወካዮች ምክር ቤት ነው። ዳኛ ፖስተር ለጥፎ «ምረጡኝ» ይላል?

የሕግ ቢሮ ሠራተኛዋ፦ ይላል፣ ጋሼ። በ4 ዓመት አንዴ ይላል። ጆርጂያ 159 ካውንቲ አላት። በትንንሾቹ 25 ዓመት የሞላውና ሃይስኩል የጨረሰ ሰው፣ ጠበቃ ባይሆንም፣ ይህን ወንበር መያዝ ይችላል። እንደ እኛ ባሉት ትልልቆቹ ግን ቢያንስ 7 ዓመት በጥብቅና መሥራት ግዴታ ነው። ስለዚህ እኛ ጋ «ጠበቃ ነኝ» ማለት መግቢያ ትኬት ነው፤ በሱ ብቻ አትምረጡት። ሌላም አለ። ትንሽ ካውንቲ ላይ በውሳኔው ካልተስማማህ ከሱ በላይ ያለው የካውንቲው ፍርድ ቤት፣ ሱፒሪየር ኮርት፣ ነገሩን እንደ አዲስ ያየዋል። የእኛ ይግባኝ ግን ሱፒሪየር ኮርትን አልፎ በቀጥታ ወደ ግዛቱ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ነው፣ ምስክር ድጋሚ አይሰማም። መጀመሪያ ያልተናገርከው ነገር ቀረ ማለት ነው።

የአትላንታው፦ ታዲያ ሥራውን የሚያውቅ ዳኛ አስፈላጊ ነው ማለት አይደል?

እናት፦ እስቲ አንድ ነገር ልንገርህ። የማውቃት ሴት ባሏ ያለ ኑዛዜ ሞተባት። የባሏ ወንድም ቤቱ የቤተሰብ ነው እያለ አስፈራራት። እዚህ ሕጉ ሚስትና ልጆች እኩል ይካፈሉ፣ ሚስት ግን ከሲሶ አያንስባት ነው የሚለው። ከዚያ ሁሉ በፊት ደግሞ ለአንድ ዓመት መተዳደሪያ ከንብረቱ መጠየቅ ትችል ነበር። ባሏ በሞተ በ24 ወር ውስጥ ማመልከት ነበረባት። ሳታውቅ አለፈባት። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ የሕግ ምክር መስጠት አትችልም። ዳኛውስ ቢያውቅ፣ ያልጠየቀችውን ይሰጣታል?

የአትላንታው፦ ይሄ የዳኛ ጥፋት አይደለም፣ እህቴ።

እናት፦ አላልኩም። ያለ ጠበቃ የመጣን ሰው ረጋ ብሎ ይሰማል ወይ ነው የምልህ። ሠላሳ ዓመት ለደንበኛው ብቻ የተከራከረ ሰው ይህን መቼ ለመደው?

ጋሼ፦ እንዲህ ከሆነ እኔም ልምረጥ መሰለኝ።

ሠራተኛዋ፦ ዜግነት ከወሰዱ ነዋ፣ ጋሼ! ለማንኛውም የመዋጮ ሪፖርቱ ለሕዝብ ክፍት ነው። ከየትኞቹ ጠበቆች ስንት እንደተቀበለ ዛሬ ማታ አይቼ እዚሁ እለጥፋለሁ።

የአትላንታው፦ ለጥፊው። የተቀናቃኙንም ጨምሪበት።