በቤት የሠራሁት ባለላሜራ ጂግ ለምን አይርገበገብም?

ጥያቄ (ጀማሪው፣ ቨርጂኒያ)

የተከበራችሁ አጥማጆች፣ ጤና ይስጥልኝ። በፖቶማክ ወንዝና ወደ እርሱ በሚገቡት ጅረቶች ላርጅማውዝ ባስና ስኔክሄድ የተባሉትን ዓሦች አጠምዳለሁ። ሃይድሪላ የተባለው የውኃ ሣር በበዛበት ቦታ ከፊቱ ላሜራ የተንጠለጠለበትን ጂግ (የብረት ራስ የተፈሰሰበት መንጠቆ) የሚያህል ማጥመጃ አላገኘሁም፤ ሆኖም ሣሩ ውስጥ እየተበጠሰ ስለሚቀር በየጊዜው መግዛቱ ስላማረረኝ ራሴ ልሠራው ተነሣሁ።

ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ የማይዝግ ላሜራ ባለስድስት ጎን ቁራጭ ቆርጬ፣ ጠርዙን በሞረድ አለስልሼ፣ በትራፓኖ ሁለት ቀዳዳ አወጣሁለት። ቤት ውስጥ ልጆች ስላሉ የጂጉን ራስ መርዛማ በሆነው የእርሳስ ብረት ፋንታ ቲን በተባለው ብረት አፈሰስሁት፤ ሞልዱ (ማፍሰሻ ቅርጹ) ግን ለእርሳስ የተሠራና ግማሽ አውንስ የሚል ጽሑፍ ያለበት ነው። ላሜራውን ከመንጠቆው ዓይን ጋር ያገናኘሁት በትንሽ ጥምዝ ቀለበት ነው። ስጎትተው ላሜራው በመርገብገብ ፈንታ ይገለበጣል፣ ጂጉም አብሮ እየተሽከረከረ ክሩን ይጎነጉነዋል። ፈጠን ስል ደግሞ በጎኑ ተጋድሞ ወደ ላይ ይወጣል። ጥፋቱ ከላሜራው ነው ወይስ ከጂጉ ራስ?

መልስ (ሞርሳው)

ወንድሜ፣ ሥራዎ ንጹሕ ቢሆንም ቀለበቱ አበላሽቶብዎታል። ይህ ላሜራ ማንኪያ መሳይ ሆኖ ከሚሽከረከረው ማጥመጃ የሚለየው፣ መዞር ሲፈልግ የጂጉ ራስ ስለሚከለክለው ነው። ውኃው የላሜራውን ታችኛ ክፍል ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ላሜራው ወደ አንድ ጎን ሲያመልጥ ከጂጉ ራስ ጋር ይጋጭና ይመለሳል፣ ወዲያው ወደ ሌላው ጎን ያመልጣል፤ በዘንጉ ጫፍ የሚሰማን ንቅናቄ የዚህ ግጭት ውጤት ነው። እርስዎ በመካከሉ ቀለበት ሲያስገቡ ላሜራው ከጂጉ ራስ ስለራቀ የሚያግደው ነገር አጣ። በቀለበት አያይዘው የሚሸጡ መኖራቸው እውነት ነው፤ እነርሱ ግን የላሜራውንና የጂጉን ራስ ቅርጽ ለዚያ ርቀት አስተካክለው የሠሩት ስለሆነ፣ ቀለበቱን ብቻ መቅዳት አይበቃም።

የመንጠቆው ዓይን የተዘጋ ስለሆነ ላሜራውን በቀጥታ ማስገባት እንደሚያስቸግር አውቃለሁ። እኔ 1 ሚሊ ሜትር የሆነ የማይዝግ ሽቦ በፒንሳ አጥፌ፣ ላሜራውን በእጥፋቱ ውስጥ ካስገባሁ በኋላ ሁለቱን ጫፎች እርስ በርስ እጠመዝዛቸዋለሁ፤ ከዚያ የተጠመዘዘው ጭራ ከመንጠቆው አንገት ጋር ሞልዱ ውስጥ ይጋደምና ብረቱ በሁለቱም ላይ ይፈስሳል። ለሽቦው መተላለፊያ የሚሆን ጠባብ ቦይ በሞልዱ አፍንጫ ላይ መሞረድ ያስፈልጋል። ሽቦው ሳይጠመዘዝ ቀጥ ብሎ ከገባ ትልቅ ዓሣ መንጭቆ ያወጣዋል፤ ይህን የተማርሁት ዓሣውን ከነመንጠቆው ሸኝቼ፣ ላሜራው ብቻ በእጄ ቀርቶ ነው።

ሁለቱም ቀዳዳዎች በላሜራው መካከለኛ መስመር ላይ መዋል አለባቸው፤ ክሩ የሚታሰርበት ከላይኛው ጠርዝ አጠገብ፣ የጂጉ ከእርሱ ዝቅ ብሎ። አንዱ በትንሹም ቢሆን ወደ ጎን ካፈነገጠ ጂጉ ወደዚያ ይጎተታል። ውፍረቱንም ወደ 0.8 ሚሊ ሜትር ያውርዱት፤ 1.5 ለመርገብገብ ከባድ ነው፣ ቀስ ብለው ሲጎትቱትም ጨርሶ አይነቃም።

መልስ (ሰሜነኛ፣ ማሳቹሴትስ)

ከላይ የተባለው ትክክል ነው፤ ጂጉ በጎኑ የሚጋደመው ግን በክብደቱም ምክንያት ይመስለኛል። የእርሳስ እፍግታ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 11.3 ግራም ሲሆን የቲን 7.3 ነው። ስለዚህ 14 ግራም (ግማሽ አውንስ) እርሳስ የሚይዘው ሞልድዎ በቲን ሲሞላ የሚሰጥዎት 9 ግራም ያህል ብቻ ነው፤ ላሜራው ግን የተቆረጠው ለ14 ግራም ጂግ ነው። ወይ ተለቅ ያለ ሞልድ ይጠቀሙ፣ ወይ ላሜራውን ያሳንሱ።

ወደ እርሳስ ይመለሱ አልልም። እዚህ ከ2012 ጀምሮ ከአንድ አውንስ በታች የሆነ የእርሳስ ጂግ በጨው አልባ ውኃ ላይ መጠቀም ክልክል ነው፤ ሉን የተባሉት የውኃ ወፎች እየዋጡት ስለሚሞቱ ነው። ቲን በ232 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፣ እርሳስ ግን 327 ይፈልጋል፤ ያም ሆኖ የቀለጠ ብረት ውስጥ አንዲት የውኃ ጠብታ ብትገባ ፈንድቶ ፊት ላይ ስለሚረጭ፣ ሞልዱና መንጠቆው ፍጹም ደረቅ መሆናቸውን ሳያረጋግጡ አያፍስሱ።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ክብደት ፍለጋ ቲንን ቢስሙት ከተባለው ብረት ጋር የሚቀላቅሉ አሉ፤ እኔም ሞክሬዋለሁ። ቅልቅሉ እንደ መጠኑ እስከ 138 ዲግሪ ዝቅ ብሎ መቅለጥ ሊጀምር ይችላል። የጂግ ራስ የሚቀባበት የዱቄት ቀለም ደግሞ በ175 ዲግሪ ገደማ ነው የሚጋገረው። ምድጃውን ስከፍት 12 ያማሩ ራሶች ትሪው ላይ አንድ ኩሬ ሆነው ጠበቁኝ። ለዚህ ቅልቅል በብሩሽ የሚቀባ ቀለም ይሻላል።

መልስ (ጀልባ የሌለው)

በክብደቱ ላይ አልስማማም። ሃይድሪላው ከውኃው ገጽ በታች አንድ ክንድ ሲቀረው፣ 14 ግራም ሣሩ ውስጥ ይቀበራል፤ 9 ግራሙ ግን በላዩ ላይ ሲያልፍ ያምርበታል። ላሜራውን ማሳነስ ነው እንጂ የጂጉን ራስ ማክበድ ለዚያ ውኃ አይሆንም። ደግሞ ስኔክሄድ ጥርሳም ስለሆነ፣ የሲሊኮን ቀሚሱን (መንጠቆውን የሚሸፍኑትን ክሮች) በጎማ ቀለበት ሳይሆን በቀጭን የመዳብ ሽቦ እሰሩት።

ጠያቂው ተመልሶ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ላሜራውን ከ0.8 ሚሊ ሜትር ቆርጬ አሳነስሁት፣ በሽቦ እጥፋትም አያያዝሁት። ቅዳሜ ማለዳ ሞከርሁት፤ ከአራት ጂጎች ሦስቱ ገና መጠቅለል ስጀምር ዘንጉን ያንቀጠቅጡታል። አራተኛው ግን በዝግታ ስጎትተው ዝም ይላል፣ የሚነሣው ዘንጉን መንጨቅ ሳደርግለት ብቻ ነው። ቀዳዳዎቹን ለካሁ፤ መካከል ላይ ናቸው።

መልስ (ሞርሳው)

የሽቦው እጥፋት ጠብቦ ላሜራውን ሳይነክሰው አይቀርም። ጂጉን በመንጠቆው ይዘው ወዘወዝ ሲያደርጉት ላሜራው በራሱ ክብደት ካልተወዛወዘ፣ የጎራዳ ፒንሳ አፍ አስገብተው እጥፋቱን በጥቂቱ ይክፈቱለት። ከዚያም ቀዳዳው ዙሪያ ትራፓኖው የተወው ሸካራ ጠርዝ ካለ በቀጭን ክብ ሞረድ ያንሡት፤ እርሱ ካልተነሣ ውሎ አድሮ ሽቦውን ይቆርጠዋል።