1000000007 ላይ ማካፈል ለምን ይበላሻል?

ታንኳ37፦
ሰላም የባሕር ዳር ልጆች። መልመጃው እንዲህ ይላል፦ ጣና ላይ 37 ደሴቶች አሉ ብንል፣ 18ቱን በስንት መንገድ መምረጥ ይቻላል? መልሱ ለ1000000007 ተካፍሎ ቀሪው ይሰጥ። ቀመሩ 37! (ፋክቶሪያል፦ ከ1 እስከ 37 ያሉት ሁሉ ሲባዙ) ሲካፈል ለ18!×19! ነው። ፋክቶሪያሎቹን በየደረጃው ቀሪ እየያዝኩ አስልቼ መጨረሻ ላይ አካፈልኩ፤ ስህተት ይለኛል። ደግሞስ ለምን ይህ ቁጥር? 1000000000 አይቀልም ነበር?

ሽምብጥ፦
ማካፈሉ ላይ ነው የተሳሳትከው። ቀሪ ከተያዘ በኋላ ተራ ማካፈል አይሠራም። በትንሽ ቁጥር እየው፣ በ7። 12 ለ4 ሲካፈል 3 ነው። የ12 ቀሪ በ7 ግን 5 ነው፤ 5ን ለ4 ስታካፍል ማሽኑ 1 ይልሃል። መደረግ ያለበት በ4 ኢንቨርስ፣ ማለትም ከ4 ጋር ሲባዛ ቀሪው 1 በሚሆን ቁጥር፣ ማባዛት ነው፦ 4×2=8፣ ቀሪው 1፣ ስለዚህ ኢንቨርሱ 2። 5×2=10፣ ቀሪው 3። ልክ መጣ።

1000000007 ፕራይም ነው፣ ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም። ስለዚህ በእሱ የማንኛውም ሀ ኢንቨርስ ሀ^1000000005 ነው፣ ሀ በራሱ በፕራይሙ እስካልተካፈለ ድረስ። ይህ የፌርማ ቲዎረም ነው፤ ሞዱሉ (ቀሪ የምንይዝበት ማካፈያ) ፕራይም ባይሆን ኖሮ አይያዝም። ቢልዮን ጊዜ እንዳታባዛ ብቻ! 1000000005 በባይነሪ (በ0 እና 1 ብቻ ሲጻፍ) 30 ቢት ማለትም 30 አኃዝ ስለሆነ፣ ራሱን በራሱ 29 ጊዜ ማባዛትና 1 በሆኑት ቢቶች ላይ ተጨማሪ ማባዛት ይበቃል።

1000000000 ላይ ግን 2 እና 5 አካፋዮቹ ናቸው። 18! በሁለቱም ስለሚካፈል ኢንቨርስ የለውም፤ መንገዱ እዚያው ይዘጋል።

ማመሳከሪያ፦ ሙሉው መልስ 17672631900 ነው። 17×1000000007=17000000119 ሲቀነስ 672631781 ይቀራል። ይህን ካላገኘህ ኮድህን ፈትሽ።

ዳጋ፦
ሽምብጥ ያለው ትክክል ነው፤ የኦቨርፍሎው ነገር ግን ቀረ፣ ቁጥሩ ከማሽኑ መያዣ በላይ ሲሆን ማለት ነው። ባለ 64 ቢት ኢንቲጀር እስከ 20! ብቻ ይይዛል፣ 21! ያመልጠዋል፤ 37! ወደ 1.4×10^43 ነው። ከፕራይሙ የሚያንሱ ሁለት ቁጥሮች ሲባዙ ብዜታቸው ከ10^18 ትንሽ ቢበልጥ ነው፣ ወሰኑ 9.2×10^18 አካባቢ ስለሆነ ይገባል። ሦስቱን ባንዴ ካባዛህ ግን ተበላሸ። ከእያንዳንዱ ማባዛት በኋላ ቀሪ ያዝ። ስትቀንስ ደግሞ ውጤቱ ኔጌቲቭ ሊሆን ይችላልና በሲ ፕላስ ፕላስ ፕራይሙን ጨምረህ ነው ቀሪ የምትይዘው። ፓይተን እዚህ ላይ አያስቸግርም።

ስለ ቁጥሩ ከጠየቅክ፣ ከ10 አኃዝ ፕራይሞች ሁሉ ትንሹ ነው፣ 1000000009ም መንትያው፣ በ2 ብቻ የሚበልጠው ፕራይም። እኔን የሚገርመኝ ግን 1000000006=2×500000003 መሆኑና 500000003 ራሱ ፕራይም መሆኑ ነው። ስለዚህ በ1000000007 የማይካፈል የትኛውም ቁጥር ኃይሉ እየጨመረ ሲሄድ ቀሪው መጀመሪያ ወደ 1 የሚመለሰው በ1፣ በ2፣ በ500000003 ወይም በ1000000006 እርምጃ ብቻ ነው። 2 በ500000003 ይመለሳል፤ 5 ግን ዜሮ ያልሆኑትን ቀሪዎች በሙሉ ሳይዞር አይመለስም።

ታንኳ37፦
ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። የኢንቨርስ ፈንክሽኑን ብቻውን በምን ልሞክረው?

ሽምብጥ፦
2ን ስጠው። 500000004 መመለስ አለበት፤ ሁለት እጥፉ 1000000008 ነው፣ ቀሪው 1።