ስዕል ማየት ያስተማራችሁ፣ እስቲ እርዱኝ

ሰላም መምህራን፣ እስቲ አንድ ነገር ላማክራችሁ። 2ኛ ክፍል ነው የማስተምረው፣ 61 ልጅ አለኝ። ስዕልን ዝም ብሎ ከማየት አልፈው እንዲያነቡት ላለማምዳቸው ብዬ በ1888 የተደረገውን የአድዋን ጦርነት የሚያሳየውን የባህል ስዕል ፖስተር ሰሌዳ ላይ ለጠፍኩላቸውና "ምን እየሆነ ነው? ምን አይታችሁ ነው እንደዛ ያላችሁት? ሌላስ ምን ይታያል?" እያልኩ ልጠይቅ ጀመርኩ። ሁሉም በአንድ ድምፅ "አድዋ!" አሉ፣ አለቀ። አንዷን ምን አይተሽ ነው ስላት "ቤታችን አለ፣ እማዬ ነግራኝ" አለችኝ 😅

ከዛ ከፊት የተቀመጠ ልጅ "ቲቸር፣ ጣልያኖቹ አንድ ዓይን ብቻ ነው እንዴ ያላቸው?" አይልም! ደስ ብሎኝ ልሞት፣ እኔም እኮ እሱን ነበር የፈለኩት። ግን ቸኮልኩና ሰዓሊዎቻችን የኛን ሰው ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ጠላትን ደግሞ በጎን በአንድ ዓይን ነው የሚስሉት ብዬ ራሴው ዘረገፍኩት። በማግስቱ መጽሐፉ ላይ በጎን የተሳለችውን ዶሮ ሳሳያቸው "ጠላት ናት!" ብለው ክፍሉን በሳቅ ገለበጡት።

አሁን እንዴት ላስተካክለው? መልሱን ሳልነግራቸው ምን ያህል ዝም ልበል፣ ዝም ስል ደግሞ ከኋላ ያሉት ይረብሻሉ፣ ፖስተሩም በደንብ አይታያቸውም። ፕሮጀክተር የለንም፣ ከለር ኮፒ ላድርግ ብል ወጪው ከኪሴ ነው። በፖስተሩ ፋንታ የሳሙና ካርቶንና የብስኩት ላስቲክ በቡድን ባከፋፍልና ላዩ ላይ ያለውን ስዕል ቢያነቡስ ብዬ አስቤ ነበር፣ የሞከረ አለ?